ሞቷን ሁሉ ያውቃል፤ ድምጿንስ?

ይህን መጣጥፍ በኑዛዜ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመጻሕፍት ወዳጆች በተሰበሰቡበት አንድ ምሽት፣ ስለ አስመሃን እንድናገር ተጋብዤ ነበር። አስመሃን በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ በካይሮ የዘፈነች፣ ከሶርያ የድሩዝ መሳፍንት ቤት የተወለደች ዐረባዊት ድምፃዊት ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገርሁ። ስለ ልዕልትነቷ፣ ስለ ትዳሯና ስለ ፍቺዋ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዞች መልእክት ስለ ማድረሷ፣ የተሳፈረችበት መኪና ከውኃ ቦይ ገብቶ ስለ መሞቷ፣ «ማን አስገደላት?» ስለሚለው ማለቂያ የሌለው ሐሜት አወራሁ። ታዳሚው ትንፋሹን ውጦ አዳመጠኝ። ሲጨበጨብልኝም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን እጃቸውን አውጥተው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ለመሆኑ ድምጿ እንዴት ያለ ነው?»

«ድንቅ ነው ይባላል፣ አባቴ» አልሁ።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ግን ያቺን «ይባላል» እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ዓሣ አጥንት በጉሮሮዬ ተሸክሜ እኖራለሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ አንዲት ዘፋኝ የተናገርሁት አንድ ዘፈኗን እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልሰማ ነበርና።

* * *

ታላቅ እህቴ ቤይሩት ውስጥ ሰባት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖራ ስትመለስ፣ ከሻንጣዋ ግርጌ በፎጣ የተጠቀለለ አንድ ሸክላ ወጣ። ታስታምማቸው የነበሩት አሮጊት አርፈው ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ፣ ከሚጣለው ዕቃ መካከል ለምና የወሰደችው ነው። የሽፋኑ ጠርዝ አይጥ እንደ በላው ተቆራርሷል። በላዩ የአንዲት ሴት ምስልና በዐረብኛ የተጻፈ ስም አለ። እህቴ ዐረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች እንጂ አታነብም። እኔ ደግሞ ከቋንቋው የማውቀው ፊደሉን ብቻ ነው። አንድ በአንድ ቆጠርሁና ደርቄ ቀረሁ። አስመሃን ይላል።

ሸክላ ማጫወቻ ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ያመጣሁት በሳምንቱ ነው። መርፌውን አሳረፍሁት። መጀመሪያ ጭርጭርታ፣ ከዚያ የሙዚቃው መግቢያ ተሰማ። እህቴ ጓዳ ሆና ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ዘፋኟ አፏን ከመክፈቷ በፊት እህቴ ከጓዳ ዜማውን በአፍንጫዋ ጀመረችው። የሚመጣውን ታውቀዋለች። ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ ሁሉ ታውቃለች።

«ታውቂያታለሽ እንዴ?» አልኋት።

«ማንን?»

«ዘፋኟን።»

«ስሟን እንኳ አላውቅም። ቴታ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ያስከፍቱኝ ነበር።»

«ከሞተች እኮ ቆይቷል። በ1944 ነው የሞተችው።»

ቢላዋውን ይዛ ወደ በሩ መጣች። «ውይ! እኔ እኮ ያለች ነበር የሚመስለኝ» አለች።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እኔ የአስመሃንን ትውልድ፣ ባሎች፣ ምስጢርና አሟሟት በቃሌ እወጣለሁ፤ ድምጿን አላውቅም። እህቴ ከድምጿ በቀር ምንም አታውቅም። ከሁለታችን አስመሃንን የሚያውቃት ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ ይኸው ነው። ሰው የሚረሳው ስሙ ሲጠፋ ብቻ አይደለም። ስሙ በየአፉ እየተንከባለለ፣ የተፈጠረበት ሥራ ግን ሳይሰማ ሲቀር ደግሞ የባሰ ይረሳል። ስሙ የጠፋ ሰው አንድ ቀን የሚፈልገው አያጣ ይሆናል። ስሙን እናውቃለን የሚሉ የበዙለትን ሰው ግን ማን ብሎ ይፈልገዋል?

* * *

ለመሆኑ ምን ነበር የጠፋን? ከሸክላው ልጀምር።

እኛ በልማድ «ሸክላ» የምንለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አስመሃን በሕይወቷ የቀዳችው በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው፣ ከወደቀ እንደ እንስራ ገል በሚሆነው በቀድሞው ዓይነት ላይ ነበር። የዚያ አንድ ገጽ ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ረጅሙና የማይሰበረው፣ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው ሸክላ ለገበያ የወጣው በ1948 ነው፤ እሷ ከሞተች ከአራት ዓመት በኋላ። ስለዚህ እህቴ ያመጣችው ከተሰባሪው ወደማይሰበረው የተገለበጠ ቅጂ ነው። ጭርጭርታው የሁለት ሸክላ ጭርጭርታ ነው። ድምጿ ግን በሁለቱም ጭርጭርታ መካከል ቀጥ ብሎ ይመጣል።

«ያ ጡዩር» የተባለውን ዘፈኗን ውሰዱ፤ «ወፎች ሆይ» ማለት ነው። ዜማውን የደረሰው ሙሐመድ አል-ቀሰብጊ የግብፅ ታላቅ የዑድ ደርዳሪ ነበር፤ የዐረቡን ቅኝት ከአውሮፓ የኦርኬስትራ አሠራር ጋር ለማጋባት ከደፈሩት ቀዳሚዎች አንዱም ነው። በዚህ ዘፈን አስመሃን መጀመሪያ በዐረቡ ወግ ትዘፍናለች። ድምጿ ከደረቷ ይነሣል፤ በፒያኖ ቁልፎች መካከል በማይገኙት በእነዚያ ጠባብ የድምፅ እርከኖች ላይ ይመላለሳል። በአምስት ድምፅ ቅኝት፣ በትዝታና በባቲ፣ ላደገ እንደ እኔ ላለ ጆሮ እነዚያ እርከኖች መጀመሪያ እንግዳ ናቸው፤ ድምፁ ሊሳሳት ሲል የተመለሰ ይመስላል። ከዚያ ድንገት ቃል ይቀርና ድምፁ ብቻ እንደ አውሮፓ ኦፔራ ዘፋኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወፎቹን ራሳቸውን ይሆናል። የሚያስደንቀው መውጣቱ አይደለም፤ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ ሞልቷል። የሚያስደንቀው ከዚያ ከፍታ ወደ ዐረቡ ቅኝት ስትመለስ ስፌቱ አለመታየቱ ነው። ሁለት ዓለም በአንድ ጉሮሮ ውስጥ ሳይጣላ ያልፋል።

«ለያሊ አል-ኡንስ ፊ ቪየና» የተባለውንም ስሙ። ግጥሙ የአሕመድ ራሚ፣ ዜማው የወንድሟ የፈሪድ አል-አጥራሽ ነው። ስለ ቪየና የደስታ ሌሊቶች ትዘፍናለች፤ ምቱም የቪየና ዳንስ የቫልስ ምት ነው። ይህ ዘፈን ለፊልም የተሠራው በ1944 ነው። ያን ጊዜ ቪየና ከ1938 ጀምሮ በናዚ ጀርመን እጅ የነበረች፣ የአየር ድብደባ የሚወርድባት ከተማ ነበረች። ዘፋኟ ግን እንደዚያ ያለ ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ሁሉ ገነት አድርጋ ትስላታለች። ይህ ከንቱ ጨዋታ ነው? ወይስ ዓለም ሲቃጠል ያልተቃጠለ ከተማን በዜማ የመገንባት ድፍረት? በዚህ ላይ መከራከር ይቻላል። ለመከራከር ግን መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

ይህች ሴት በአጭር ዕድሜዋ የዘመኑን ታላላቅ ዜማ ደራሲዎች አሰልፋለች። ገና ልጅ ሳለች ሰምቶ «አስመሃን» የሚለውን የመድረክ ስም ያወጣላት ዳውድ ሑስኒ የተባለው ግብፃዊ አይሁዳዊ ዜማ ደራሲ ነው። ለመጨረሻ ፊልሟ ወንድሟ ፈሪድ፣ ቀሰብጊና ሪያድ አል-ሱንባጢ ሦስቱም ዜማ ሠርተውላታል። ሙሐመድ ዐብዱልወሃብ የገጣሚውን የአሕመድ ሸውቂን «የለይላ እብድ» ለ1940 ፊልሙ በዜማ ሲያዘጋጅ የለይላን ድምፅ ለእሷ ሰጥቷታል። በዚያ ፊልም የሚታየው የሌላ ሴት ፊት ነው፤ አስመሃን በድምጿ ብቻ ናት ያለችው።

የዕጣ ነገር ያስገርማል። በዚያ ፊልም ፊት የሌለው ድምፅ ነበረች፤ ዛሬ ድምፅ የሌለው ፊት አደረግናት።

* * *

አሁን ወደ ተከሳሾቹ ልምጣ። አንደኛው ተከሳሽ እኔ መሆኔን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

አስመሃን አማል አል-አጥራሽ ተብላ፣ በብዙዎች ቆጠራ በ1912፣ ተወለደች። ቤተሰቧ ሶርያ በፈረንሳይ እጅ በወደቀችበት ዘመን ወደ ግብፅ ተሰደደ። እናቷ ራሷ የምትዘፍን፣ ዑድ የምትደረድር ሴት ነበረች። ይሁን እንጂ የመሳፍንት ልጅ በሰው ፊት መዝፈኗ ለወገኖቿ ነውር ነበር። «አስመሃን» የሚለው ስምም አማል አል-አጥራሽ የተባለውን የመሳፍንት ስም ከመድረክ አራቀው። በ1930ዎቹ ለዘመዷ ለሐሰን አል-አጥራሽ ተድራ ወደ ድሩዝ ተራራ ስትመለስ መድረኩን ተወች፤ ሴት ልጅም ወለደች። ዓመታት አልፈው ትዳሩ ሲፈርስ ወደ ካይሮ ተመልሳ ከ1941 ጀምሮ ሁለት ፊልም ሠራች። የሕይወቷን ትግል በአንድ ቃል ተናገር ብባል፣ ለመሰማት ነበር እላለሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወገኖቿ «ዝም በዪ» ያሏት ስሟ በሰው አፍ እንዳይገባ ፈርተው ነው። ወሬኞቹ ደግሞ ስሟን በሰው አፍ አስገብተው ድምጿን ዝም አሰኙ። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ በሥራቸው ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም ሴቲቱን የሚያዩዋት በነውር መነጽር ነው። አንዱ ነውሩን ይሸፍናል፣ ሌላው ነውሩን ይሸጣል፤ ዘፈኑን የሚሰማ ግን የለም። የተራራው ሽማግሌዎች ያልቻሉትን ማፈን እኛ በጭብጨባ ፈጸምነው።

የሞቷ ገበያ የተከፈተው ገና ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ ነው። ሐምሌ 14 ቀን 1944 ወደ ራስ አል-በር ስትሄድ የተሳፈረችበት መኪና ከቦይ ገባ። ሾፌሩ ተረፈ፤ እሷና ጓደኛዋ ሰጠሙ። «ፍቅርና በቀል» የተባለው ፊልሟ ገና አላለቀም ነበር። መጨረሻው ተለወጠና የምትጫወተው ገጸ ባሕርይም እንድትሞት ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ተጠርጣሪዎቹ ተራ በተራ ተሰለፉ፤ እንግሊዞች፣ ጀርመኖች፣ የግብፅ ቤተ መንግሥት፣ የቀድሞ ባል፣ የገዛ ቤተሰቧ፣ አልፎ ተርፎም ኡም ኩልሱም። ከሰማኒያ ዓመት በኋላም ከእነዚህ በአንዱ ላይ እንኳ የተረጋገጠ ማስረጃ አልቀረበም። ወሬ ግን ማስረጃ አይበላም፤ የሚበላው ጆሮ ነው።

በኡም ኩልሱም ላይ የተወራው በተለይ ያሳፍረኛል፤ በዚያ ምሽት እኔም አውርቼዋለሁና። ሁለት ታላላቅ ሴቶች በአንድ ዘመን ከዘፈኑ አንዷ ሌላዋን ማስገደል አለባት? ሁለቱም የዚያኑ የቀሰብጊን ዜማ ዘፍነዋል። ቀሰብጊ እስከ ሞተበት እስከ 1966 ድረስ በኡም ኩልሱም ጓድ ውስጥ ዑዱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። አንድ ሰው ለሁለት የተለያዩ ጉሮሮዎች እንዴት ጻፈ? ለአንዷ ምን ሰጣት፣ ለሌላዋስ ምን ነሣት? ይህ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ጥያቄ ነው። እኛ ግን «ማን ማንን ገደለ» በምትል አንዲት ርካሽ ጥያቄ ለወጥነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ቦይ ውስጥ ሁለት ሴቶች ናቸው የሞቱት። ስለ ሁለተኛዋ የሚተርክ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔም በሃያ ደቂቃዬ ውስጥ አንድ ቃል አላነሣሁላትም፤ ምስጢር የላትማ! ልዕልት አይደለችም፤ ሰላይ አይደለችም። ለሟች ያዘንን መስሎን የነበረው ለካስ ለትረካችን ማጣፈጫ ስንፈልግ ኖሯል።

* * *

«የሠዓሊው ሕይወትና ሥራው አይለያዩም፤ አንተ ራስህ ወደ ሸክላው የመጣኸው በታሪኳ በር አይደለም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ክርክር ነው። የሽፋኑ ስም ያስደነገጠኝ ታሪኳን ስለማውቅ ነበር፤ ይህን አልክድም። በ1941 እንግሊዞችና የነጻይቱ ፈረንሳይ ጦር ሶርያንና ሊባኖስን ከቪሺ መንግሥት ለማስለቀቅ ሲነሡ ለድሩዝ አለቆች መልእክት ማድረሷም ተራ ነገር አይደለም፤ የታሪክ ምሁር ሊመረምረው ይገባል። በ2008 በረመዳን ወር ስለ እሷ የታየው ተከታታይ ድራማም ስሟን ለአዲስ ትውልድ አስተዋውቋል።

ነገር ግን በር የሚሠራው ሊገባበት ነው። እኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን፣ በሩን እያደነቅን፣ «ቤቱን አየን» ብለን ተመለስን። ታሪኩ ወደ ዘፈኑ ካልወሰደን ታሪክ አይደለም፤ ሐሜት ነው። የሕይወትና የሥራ አለመለያየት የሚነግረን ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ ወዲህም መመዘን አለበት። የዚህችን ሴት ሕይወት ለማወቅ ከፈለግን፣ ከቦይ ውኃ ይልቅ ከከፍታው ወደ ቅኝቱ የተመለሰችበት ያ ቅጽበት የበለጠ ይነግረናል። እዚያ ላይ ማንም አላስገደዳትም፤ እዚያ ላይ የመረጠችው ራሷ ናት።

ይህን የምጽፈው የዐረቦችን ጥፋት ለመቁጠርም አይደለም። በእኛ አገርስ ስለ ሴት ድምፃውያንና ክራር ደርዳሪዎች ወግ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «ማንን ነበር የያዘችው?» ነው፤ ወይም «መጨረሻዋ እንዴት ሆነ?» ነው። በየትኛው ቅኝት እንደምትራቀቅ፣ ጣቷ ክሩን እንዴት እንደሚገራው፣ ግጥም ከየት አምጥታ እንደምትጥል የሚጠይቅ ስንት ሰው ነው? በጋዜጣ ከምንጽፈው ስንቱን ሸክላውን ሰምተን ነው የጻፍነው? እኔ የራሴን መልስ ተናግሬአለሁ። ሌሎቻችሁ የየራሳችሁን ታውቃላችሁ።

* * *

ወደ እህቴ ልመለስ። ለእሷ ዐረብኛ የትእዛዝ ቋንቋ ነበር፤ ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ፣ ለምን ዘገየሽ። በዚያ ቋንቋ ሰባት ዓመት ታዝዛለች። ከምሳ በኋላ ግን፣ አሮጊቷ ጋደም ሲሉ፣ ያቺ ግማሽ ሰዓት ነበረች። በዚያች ግማሽ ሰዓት በዚያው ቋንቋ ማንም ምንም አያዛትም። ይህን ስል የቤይሩትን ኑሮ ላሳምር አይደለም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ያየችውን ለመናገርም ባለቤቷ እሷ ናት። የምለው ይህን ነው። የአስመሃን እውነተኛ አድማጭ እንደ እኔ ያለው ተናጋሪ አልነበረም። ስሟን ሳትጠይቅ፣ ምስጢሯን ሳትፈልግ፣ እጇ በሥራ እንደ ተያዘ ድምፁን ከነትንፋሹ በልቧ ያስቀመጠች ሴት ነበረች።

ባለፈው እሑድ ሸክላውን ደግመን ሰማነው። ገጹ ሲያልቅ መርፌው በባዶው ዙሪያ እየተሽከረከረ ጭር ጭር ሲል፣ ስለ አሟሟቷ ልነግራት ፈለግሁ። ያ የድሮ አመሌ ተነሣብኝ። «ታውቂያለሽ፣ አሟሟቷ እኮ...» ብዬ ጀመርሁ።

«ቆይ» አለችኝ፤ «መጀመሪያ ገልብጠውና ያንን የወፎቹን አሰማኝ።»

ገለበጥሁት።